ዘንድሮ ለገና ቀለም አንመርጥም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና ቀርቦ ከሆነ ይዛችሁ አንብቡት።

የገና ጾም ከገባ ጀምሮ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ እንደ ልማዱ ሞቅ ብሏል። ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ የሦስት ዓይነት ጥለት ፎቶ ላከች። አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱ ወርቃማ። ከሥሩ «ለገና የቱን እናድርግ? ቶሎ ወስኑ፣ ሽሮ ሜዳ ትእዛዝ ዘጋን ሳይሉን» ብላ ጻፈች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልቡም አበባውም እሳቱም ተደረደረ። «አረንጓዴው ይሁን!» «ወይን ጠጁ ጠይም ሰው ላይ ያምራል።» «ልጆቹ በቶሎ ያቆሽሹታል፣ ጠቆር ያለው ይሻላል።»

እኔ የቤቱ ታላቅ ነኝ። ይህንን አንድ ዓይነት የመልበስ ነገር ቤታችን ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ትንሽ አሰብኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዘንድሮ ለገና ቀለም አንመርጥም። ሁሉም ያለውን ነጭ ለብሶ ይምጣ።»

ግሩፑ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ለብቻዬ ይደውሉልኝ ጀመር። «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ያለችኝም አለች። ለእነሱ የመለስኩትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው። የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደባባይ ባላወጣሁት።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የአንዲት ጓደኛዬ ቤተሰብ በፋሲካ የተነሱትን ፎቶ እዚሁ ፌስቡክ ላይ አየሁ። አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት ለብሰው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀናሁ። በሚቀጥለው በዓል ሜትርና ደብተር ይዤ ተነሳሁ። የሁሉንም ልክ ሰበሰብኩ፣ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ፣ ጥለት መረጥኩ፣ ዋጋ ተከራከርኩ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። «እስከ ዓርብ ያልከፈለ ልብሱ አይሰፋለትም» የምትል ማስፈራሪያም ጣል አደረግሁባት። ተሳሳቅን። በዓሉ አማረ፣ ፎቶውም አማረ።

መጀመሪያ ለፋሲካ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ለገና ሆነ። ቀጥሎ ለእንቁጣጣሽ። የአንዱን በዓል ልብስ በሌላው በዓል መድገም ነውር የሆነው መቼ እንደሆነ ማናችንም አናስታውስም። «ይኼኛው እኮ ፎቶ ላይ ወጥቷል» እንባባላለን፤ ፎቶ ላይ የወጣ ልብስ የተበላሸ ይመስል።

አሁን ወደ ባለፈው ፋሲካ ልውሰዳችሁ።

እንደ ልማዴ ጥለት መርጬ ዋጋ አውጥቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። የሴት ቀሚስ 7,500 ብር። የወንድ ሸሚዝ 3,000። የልጅ 2,500። ከሁሉም እሺታ መጣ። ታናሽ ወንድሜም አውራ ጣት ላከ። ወንድሜ ሹፌር ነው። የሚነዳትን መኪና ባለቤቷ ከሸጣት ሁለት ወር ሆኗት ነበር። አውቃለሁ፤ ግን በዚያ ሰሞን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የቀለም ጉዳይ ብቻ ነው። እሱ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ሲደመሩ 15,500 ብር ይሆናሉ። ይህንን ሒሳብ ያኔ አልሠራሁትም። ዓርብ ደርሶ ገንዘቡ ሲቀር ደወልኩለት። «እኛ ቤት ያለውን እንለብሳለን፣ አትቸገሪ» አለኝ። እኔም «እንደፈለግህ» ብዬ ዘጋሁ። ይህቺን «እንደፈለግህ» ዛሬም ሳስባት ታፍረኛለች።

በበዓሉ ቀን ሁሉም እማዬ ቤት ተሰበሰበ። እነሱ የሉም። ፎቶ ተነሳን። ምግብ ሊቀርብ ሲል መጡ። «ታክሲ ጠፋ» አሉ። በፋሲካ ታክሲ ሊጠፋ ይችላል፣ ማን ይጠረጥራል? በላን፣ ጠጣን፣ አመሸን።

ማታ ፎቶውን ለጠፍኩት። «ምን ዓይነት የሚያምር ቤተሰብ ነው!» የሚል አስተያየት ዘነበልኝ። ለሪያዷ እህታችንም ላክሁላት። ይህንን ማች የሚሉትን ነገር ከእኔ ቀጥሎ አጥብቃ የምትወደው እሷ ናት፤ ምክንያቱም የእሷ በዓል ፎቶው ነው። ስለ ቀለሙ ምን ትል ይሆን ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያ መልእክቷ እንዲህ የሚል ሆነ፦ «እነ ማሙሽ የት አሉ?»

እማዬም ፎቶውን አሳጥቤ በፍሬም ይዤላት ስሄድ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይቺ ፎቶ ጎደሎ ናት» አለችና ብፌው ላይ አስቀመጠችው።

እውነቱን ያወቅሁት ለእንቁጣጣሽ ነው። የወንድሜ ሚስትና እኔ እማዬ ጓዳ ሽንኩርት እንልጣለን። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ አግኝቷል፤ ጨዋታው ቀሎናል። እንዲያው በወሬ መሀል እየሳቀች «እትዬ፣ አትቆጪኝ እንጂ ያን ፋሲካ እኮ ታክሲ አልጠፋም» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«ሰፈር ደርሰን ነበር። ግሩፑ ላይ ‹ፎቶ 6 ሰዓት› ብለሽ ጽፈሽ የለ? ከታች ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብተን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። 7 ሰዓት ተኩል ሲል ፎቶው አልቋል ብለን ተነሳን።»

ሽንኩርቱን ይዤ ቀረሁ። ከጾም በተፈታበት ቀን፣ የዶሮ ወጥ ሽታ ሰፈሩን ባወደበት ሰዓት፣ የወንድሜ ልጆች ከአያታቸው ቤት በራፍ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ተቀምጠው የእኔን ፎቶ ማለቅ ይጠብቁ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም? እንሸፍነው ነበር እኮ» አልኳት። መልሷን ልብ በሉልኝ፦ «እትዬ፣ ስንቴ ትሸፍኑታላችሁ? ለፋሲካ ብትሸፍኑ ለእንቁጣጣሽስ? ለገናስ? እኔ ስለ ራሴ አልነበረም። ለኔ የሠርጌ ጊዜ ቀሚስ አለኝ፣ ንጹሕ ነው። ልጄ ግን ‹እኛ ለምን የእነሱን ዓይነት የለንም?› ብሎ ሰው ፊት ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ?»

እንግዲህ የኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

ድሮ ሁሉም የየራሱን ለብሶ ሲመጣ የአንዱ አዲስ፣ የአንዱ ያምና፣ የአንዱ የዛሬ አምስት ዓመት ይሆናል። አንዷ ቀይ ጥለት፣ አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ያለ ጥለት ለብሳለች። በዚያ ሁሉ መሀል የማን አዲስ፣ የማን አሮጌ እንደሆነ ማን ይቆጥራል? ታጥቦ ከተተኮሰ ሁሉም ነጭ ነው። ያልቻለ ሰው በዚያ ነጭ ውስጥ ይሸሸጋል። ማች ሲመጣ ግን መሸሸጊያው ይጠፋል። አሥራ ሰባት ሰው አንድ ዓይነት ሲለብስ አሥራ ስምንተኛው ምንም ሳይናገር ይጋለጣል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሀብታምና የደሃ ልጅን ልዩነት ይደብቃል የሚባለው ሁሉም ሲኖረው ነው። አንድ ልጅ ብቻ ሳይለብስ ቢመጣ ዩኒፎርሙ ራሱ ጣት ይቀስርበታል። የኛም የበዓል ልብስ እንደዚያው ሆኗል።

ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ይህንን ደግሜ ልናገር። እኔም ክፉ አልነበርኩም። ቤተሰቤ አንድ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ግን አንድነትን ለማሳየት ብዬ ያወጣሁት ዋጋ አንዱን ቤት ከበራፍ መለሰው።

የሚቃወሙኝ የሚያነሷቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ሦስቱም ባዶ ወሬ ስላልሆኑ በየተራ ልመልስ።

አንደኛው፦ «በዓል ያለ አዲስ ልብስ ምን በዓል ነው? አባቶቻችን ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብለዋል» የሚል ነው። እኔም ይህንን ተረት ስጠቅስ ኖሬያለሁ። እስቲ ግን ቃሉን ቀስ ብላችሁ ስሙት። ለጥምቀት ያልተገዛ አላለም። ያልሆነ ነው ያለው። የሚናገረው ቤት ውስጥ ስላለ ቀሚስ ነው፤ ለመልካም ቀን ቆጥበኸው በመልካሙ ቀን ካላወጣኸው ምን ያደርግልሃል ማለቱ ነው። እናቶቻችን ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ቀሚሱ ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በዓል ሲቃረብ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይታጠናል፣ ይለበሳል፣ ተመልሶ ይታጠፋል። አዲስ ልብስ የሚገዛው በዋናነት ለልጅ ነበር፤ ልጅ ስለሚያድግና ደስታውም ስለሚያምር። የእማዬን ነጭ ቀሚስ እኔ ራሴ ከአሥር ዓመት በላይ አውቃታለሁ። ያን ፋሲካ የኔን ማች እንድትለብስ ስጎተጉታት ቀሚሷን አውጥታ እያሳየችኝ «ልጄ፣ ይቺ ምን ጎደላት?» ብላኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። «ለፎቶው ነው እማዬ» አልኳት።

ሁለተኛው፦ «ሸማኔው ምን ይብላ?» ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የምናየው ሥራ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች ይዘውት የመጡት ሙያ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየወረወረ፣ ጥለቱን ክር በክር እየቆጠረ የሚሠራው ነው። ሴቶች በእንዝርት የሚፈትሉት ማግ ከሌለም ፈትል የሚባል ልብስ የለም። ይህንን ሥራ የሚገዛ ሰው መጥፋት የለበትም።

ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር። እኛ ለ17 ሰው በሦስት ሳምንት አንድ ዓይነት ልብስ ስናዝ በእጅ ይደርሳል? ባለፈው ጊዜ ባለሱቋን ጠይቄያት በግልጽ ነው የነገረችኝ፦ «በዚህ ጊዜ ውስጥ በእጅ ከፈለጉ ለሁለት ሰው ነው። ለሁሉም ከሆነ ጨርቁ የፋብሪካ፣ ጥልፉ የኮምፒውተር ይሆናል።» እኔም እሺ አልኩ። ጥለቱ የታተመ ጨርቅ ከውጭ በጥቅል እየገባ በርካሽ እንደሚሸጥ ደግሞ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በማች ስም ያወጣነው ብር አብዛኛው ጉድጓዱ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው አልደረሰም። ጥድፊያና አንድ ዓይነትነት የማሽን ጠባይ ነው። የእጅ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት ጥለቶች እንኳ ቁርጥ አንድ አይሆኑም።

ሸማኔውን የሚጠቅመው ሰው በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው 17 የማሽን ልብስ የሚያዝ አይደለም። ገበያው በቀዘቀዘበት ወር ሄዶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ «አትቸኩል፣ ሲያልቅ ደውልልኝ» ብሎ አንድ ጥሩ ቀሚስ የሚያዝ ነው። ለገዢውም ይሻለዋል። ሸማኔው ሳይዋከብ ይሠራል፣ እናንተም የበዓል ሰሞን ዋጋ አትከፍሉም።

ያው ወሬው ከተነሳ አይቀር፣ የእጁንና የማሽኑን ለመለየት እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ልብሱን ገልብጡት። የታተመ ከሆነ ጥለቱ በጀርባው ደብዛዛ ነው ወይም ጨርሶ የለም፤ የተሸመነ ከሆነ ቀለም ያለው ክር ከጨርቁ ጋር አብሮ ሲሄድ በሁለቱም ወገን ይታያል። የኮምፒውተር ጥልፍ ደግሞ በጀርባው የክር መዓት ወይም የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ይኖረዋል። ከዚያ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሱት። በእንዝርት የተፈተለ ማግ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ከጫፉ አንዲት ክር መዝዛችሁ ብታቃጥሏት ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ሸትታ አመድ ትሆናለች፤ ፖሊስተር ከሆነች ቀልጣ ጠጠር ትሠራለች። ባለሱቁ ፊት አታድርጉት እንጂ።

ሦስተኛው፦ «ፎቶው ለልጆቹ ትዝታ ነው፣ ውጭ ላሉትም ናፍቆት ማስታገሻ ነው።» ይህ ልቤን ይነካኛል። ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ዋሽንግተን ተቀምጦ የእናቱን ቤት በስልክ የሚያይ ሰው ምን እንደሚሰማው እህቴ ነግራኛለች። ግን እሷው ራሷ መልሱን ሰጥታናለች። ፎቶው ሲደርሳት የቆጠረችው ሰው ነው። የጎደለውን ነው መጀመሪያ ያየችው። ናፍቆቷን የሚያስታግሰው ጥለታችን ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን በጠገበች።

እዚህ ላይ ስለ ነጠላ አንድ ነገር ልበል። አንድ ዓይነት እንልበስ ካልን እኮ ድሮም አንድ ዓይነት ልብስ አለን። ነጠላ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናጣፋዋለን። ለቅሶ ስንሄድ እንዘቀዝቀዋለን። እንግዳ ስናስተናግድ እናደገድገዋለን። ሲበርደን እንከናነበዋለን። ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። አንዱ ጨርቅ ነው ደስታም ኀዘንም ጸሎትም ሥራም የሚናገረው። አለባበሱ የሚናገረው ሰውየው ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ነው፤ ስንት እንደከፈለ አይደለም። ድሮ ልዩነት አልነበረም ልላችሁ አይደለም። የባለጸጋው ኩታና የደሃው ኩታ በድሩ ቅጥነትም በጥለቱም ይለይ ነበር። ግን ቢያንስ «የኛን ዓይነት ካልለበስክ ፎቶው ውስጥ አትገባም» የሚል ልብስ አልነበረም።

በነገራችን ላይ ይህ የክርስቲያን ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ጎረቤቴ ለኢድ እነሱም ቤት ከታላቅ እስከ ታናሽ አንድ ዓይነት ማሰፋት እንደተጀመረ ነግራኛለች። «አንዷ እህቴ በሦስት ኢድ አንድም ጊዜ በሰዓቱ አልመጣችም፤ አሁን ነው የገባኝ» አለችኝ ይህንን ታሪክ ሳጫውታት። ሠርግማ ተዉት። የሚዜውን ትተን የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት፣ የመሥሪያ ቤት ተብሎ በየወገኑ ቀለም ይታደላል። ሰው ለሰው ሠርግ ተበድሮ ይለብሳል፤ ከዚያ ያ ልብስ ዳግም ቀን አይወጣለትም።

ጊዜውንም እንይ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደመወዝ የሚበላ ሰው ኑሮው ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ለበዓል ዶሮው አለ፣ ቅቤው አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ሽንኩርቱ አለ። እነዚህን እንደምንም አሟልቶ የሚመጣ ሰው ላይ ሌላ 15,500 ብር መጫን ምን ይባላል? በዓመት ሦስት በዓል ማች ብንል ለአራት ሰው ቤት 46,500 ብር ነው። ይህንን በወረቀት ላይ ስደምረው እኔው ራሴ ደነገጥኩ። የኔም ቤት ባለአራት ሰው ነው እኮ። ከፍዬዋለሁ ማለት ነው።

እና ምን እናድርግ ነው የምትሉኝ? እኛ ቤት የተነጋገርነው ይህንን ነው፤ የሚጠቅማችሁ ካለ ውሰዱት።

አንድ፦ የበዓሉ ልብስ ነጭ ነው። ጥለቱ የፈለገው ቀለም ይሁን፣ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ቀሚስ ይሁን ሸሚዝ ላይ የተጣለ ነጠላ። የሀገር ልብስ የሌለው ነጭ ሸሚዝ ይልበስ። ቀለም የሚመርጥ ኮሚቴ ፈርሷል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር እኔ ስለነበርኩ ለማፍረስ ስብሰባ አላስፈለገም።

ሁለት፦ አዲስ ልብስ ለልጆች ብቻ፣ እሱም በዓመት አንዴ ለፋሲካ፣ ከጋራ ኪስ። ሁሉም እንደ አቅሙ እማዬ እጅ ይሰጣል፣ ማን ስንት እንደሰጠ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለሁሉም ልጅ እሷ ትገዛለች። «አያቴ ገዛችልኝ» ይላል ልጁ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ሦስት፦ የልብስ ዕቁብ። አምስት ቤት ነን። በወር ከየቤቱ 500 ብር ቢወጣ በአራት ወር 10,000 ብር ይሆናል። በየአራት ወሩ ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ቤት ጊዜ ወስዶ፣ ሸማኔው ጋ ሄዶ፣ የሚፈልገውን የእጅ ሥራ ያዝዛል። በዓመት ከአንድ ቤት የሚወጣው 6,000 ብር ነው። ወር ያልሞላለት ለእኔ ለብቻዬ ይንገረኝ፣ ዕጣው ወደ ኋላ ይዞርለታል፤ ግሩፑ ላይ ስም አይጠራም። የመጀመሪያው ዕጣ ለእማዬ ይሁን ብለን ነበር። «የኔ ሳጥን ሙሉ ነው፣ ለራሳችሁ እወቁበት» ብላ መለሰችልን።

አራት፦ ያለንን መያዝ። የእጅ ሥራ ልብስ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ለብቻው ይታጠባል። ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል ተዘፍዝፎ አይተውም። አይጨመቅም፣ ጥላ ላይ ይሰጣል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ብቻ ይታጠፋል፤ እርጥበት ይዞ ሳጥን የገባ ልብስ ይሻግታል። ይህንን ያደረገች ሴት ቀሚሷን ለልጇ ታወርሳለች። በየበዓሉ የሚቀየር ማች ግን ለማን ይወረሳል?

አምስት፦ ፎቶ እንነሳለን። ፎቶ አልጠላሁም። ግን ሰዓት አይጻፍም። የመጨረሻው ሰው ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግሩፑን ከፍቼ አየሁ። የእህቴ ልጅ አኩርፋ ነበር፤ አሁን «እሺ፣ ነጭ ከሆነ ግን ሁሉም ይተኩሰው፣ የተጨማደደ አላይም» ብላ ጽፋለች። ኮሚቴው በሌላ በር ሊመለስ ነው መሰለኝ። የሪያዷ እህታችን «21 ሰው እቆጥራለሁ፣ አንድ ቢጎድል ወዮላችሁ» ብላለች። ታናሽ ወንድሜ ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፈም። ለብቻዬ ግን አንዲት መልእክት ላከልኝ፦ «ፎቶው ስንት ሰዓት ነው?»

«እናንተ ስትመጡ» አልኩት።

እናንተስ ቤት? ባለፈው በዓል ዘግይቶ የመጣ ሰው ካለ ታክሲውን ብቻ አትጠይቁ። ማች የምታዙም ካላችሁ አልፈርድም፣ እኔም አዝዤ አውቃለሁ። ቀለሙን ከመምረጣችሁ በፊት ግን ከቤተሰቡ ዝቅ ያለ ገቢ ያለው ማን እንደሆነ አስቡና በእሱ ኪስ ደምሩት። እሱ ሳይጨነቅ የሚችለው ከሆነ በደስታ ልበሱ። ካልሆነ ነጭ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ሳጥን ውስጥ የእናታችሁ ቀሚስ አለች።

ለበዓሉ በሰላም ያድርሰን።